አልጋ የያዙት የአጋፋሪ ጓንጉል ዶሮዎች

ቆይ፣ ቆይ፣ ሳቄ ይውጣልኝ! እናንተዬ፣ ይቺን ወግ ባሰብኳት ቁጥር ጎኔን ነው የምትወጋኝ። የምስቀው ደግሞ ገና ባልነገርኳችሁ ነገር ነው፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ሴትዮ በተናገረችው። እሷ ጋ እስክንደርስ ታገሱኝ። ስንደርስ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስቀምጥላችኋለሁ። ከዚያ በፊት ያለውም ቢሆን ክፉ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ቀን፣ ልመንህ የሚባል ሰውዬ አንድ እግር የሴት ጫማ በብብቱ ሸጉጦ ሰንሰል አምባ በር ላይ ደረሰ።

ሰንሰል አምባ ማለት ጭራቅ የሚዋጉ ሰዎች የሚሰለጥኑበት ግቢ ነው። በዚያ አገር ጭራቅ እንደ ጅብ ነው፤ አለ፣ ይኖራል፣ ሰውም ለምዶታል። ቆዳውን ግን በሰንሰል አምባ እሳት ከተቀጠቀጠ ጎራዴ በቀር የሚበሳው ብረት የለም። ጎራዴው ደግሞ ለሰልጣኝ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሰልጣኝ የሚባለው ማነው ካላችሁኝ፣ ግቢው ውስጥ አልጋ ያለው ነው። በየአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ አንዳንድ ኩላብ ተተክሏል፣ ጎራዴው የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። አልጋ ከሌለህ ኩላብ የለህም። ኩላብ ከሌለህ ጎራዴውን የት ልትሰቅለው ነው? ደንቡ ይኸው ነው፣ ማንም ተነስቶ «ብብቴ ውስጥ እይዘዋለሁ» ቢል አይሰሙትም።

አልጋ የሚያድሉትም፣ አዲስ ገቢ የሚመዘግቡትም አጋፋሪ ጓንጉል ነበሩ። አጋፋሪ የሰው ጉንጭ ሲንቀሳቀስ ማየት የሚያማቸው ሰው ናቸው። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ ከጎተራ ገብስ ይሰፈርለታል፤ ሰልጣኝ ካልገባ ገብሱ ይተርፋል፤ የተረፈውን ገብስ የአጋፋሪ ዶሮዎች ይበሉታል። ዶሮዎቹ በሉ፣ ወፈሩ፣ ፈለፈሉ፣ ቆጣቸው ጠበበ። አጋፋሪም አንድ ሁለቱን «ለጊዜው» ብለው ባዶ አልጋ ላይ አስተኟቸው። መቼም ይቺ «ለጊዜው» የምትባል ነገር ታውቋት የለም? እንዲህ እንዲህ እያለ አዳራሹ በሙሉ ዶሮ ሆነ። እናቶቹ አልጋው ላይ፣ አውራዎቹ ኩላቡ ላይ። የነበሩት ጥቂት ሰልጣኞች ግድግዳ ስር ተጠጋግተው መሬት ይተኛሉ፤ ዶሮ እንዳይቀሰቅሱም በሹክሹክታ ነው የሚያወሩ።

ልመንህ በሩን መታ። አጋፋሪ ከግንቡ ላይ ብቅ አሉ።

«ምን ፈለግህ?»

«ልመዘገብ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሞልቷል።»

«ማደሪያው ነው የሞላ?»

«ማደሪያው።»

ይኼኔ ከውስጥ አንዲት ዶሮ እንቁላል ጥላ ኖሮ አገር ይያዝልኝ ብላ ጮኸች።

«ጌታዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሰልጣኝ ነው» አሉት አጋፋሪ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

በሩ ስንጥቅ አለው። ልመንህ በስንጥቁ አየ። ዶሮዋን አየ፣ አልጋውን አየ፣ ትራሱንም አየ። ከብብቱ ጫማዋን አወጣና ወደ ላይ አሳያቸው።

«ጌታዬ፣ እኔ ለማዕረግ አልመጣሁም። አክስቴን ጭራቅ ውጦብኝ ነው። ዱልዱም የሚሉት፣ የወንዙ መሻገሪያ አጠገብ ያለው። እግሯን ይዤ ስጎትት ይቺ ቀረች በእጄ።»

ይሄን ላስረዳችሁ። ዱልዱም ያሉት ጥርሱ ስለዶለዶመ ነው፤ አያኝክም፣ ይውጣል። የተዋጠው ሰው እንዳለ ውስጥ ይቀመጣል፣ ይጫወታል፣ ይጣላል። የዱልዱም ሆድ መፍጨት የሚጀምረው ክረምቱ ሲገባ፣ ብርድ ሲነካው ነው። ልመንህ በሩ ላይ በቆመበት ቀን ደግሞ በምስራቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ስለዚህ ሰውየው ችኮላ ላይ ነው።

አጋፋሪ ደመናውንም አዩ፣ ጫማዋንም አዩ።

«ጫማ አይመሰክርም» አሉ። «ፈሪ አንመዘግብም እኛ። ጭራቅ ፊት ስትቆም፣ ሳትሸሽ፣ በአይናቸው በብረቱ ያዩህ ሶስት ምስክሮች አምጣ። ያን ጊዜ ስለ አልጋው እናያለን።»

«ጌታዬ፣ ጭራቅ ፊት ስቆም ያየኝ ሰው እኮ…»

«እ?»

«ጭራቁ ፊት ነበረ።»

«እሱ የራሱ ጉዳይ ነው» ብለው አጋፋሪ ወደ ዶሮዎቻቸው ገቡ። ይቺን ሶስት ምስክር ሆን ብለው ነው ያመጧት፤ ማንም አሟልቷት አያውቅም። ምስክር የሚሆነው ሰው ወይ ሸሽቷል፣ አላየም፤ ወይ አልሸሸም፣ ተውጧል።

የዚያን አገር ልማድ አሁን ካልነገርኳችሁ በኋላ ግር ይላችኋል። እዚያ አገር ምስክር ቃሉን ሲሰጥ የሰማ ሁሉ ባለበት ቁጭ ይላል። ዳኛው «ይብቃ» እስኪል ድረስ ንቅንቅ የለም። አህያ የሚነዳው መንገድ ላይ ይቀመጣል፣ አህያዋም ትቀመጣለች። ሙሽራ የሚያጅቡትም ከነሙሽራው ይቀመጣሉ። ምስክር ሲሰማ ደርሶበት፣ ቤቱ ሲቃጠል ተቀምጦ ያየ ሰው አለ። «ለምን አልተነሳህም?» ቢሉት «ገና አልበቃማ» አለ። እንደዚህ ነው የሚከበረው።

ልመንህ ከበሩ ተመለሰ። ዱልዱም ቀትር ላይ ዋርካ ስር ነው የሚተኛው። ቀስ ብሎ ሄዶ ሆዱ አጠገብ ቁጢጥ አለና እንደ ጎረቤት በር አንኳኳው።

«ማነው?» አለች አክስቱ ከውስጥ። ትርንጎ ነው ስሟ።

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ።»

«ጫማዬን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«እንዳትጥላት፣ አዲስ ነች። ጎራዴውስ?»

«ከለከሉኝ። አጋፋሪ ጓንጉል፣ ማደሪያ ሞልቷል አሉኝ። በየአልጋው ዶሮ ተኝቶበታል።»

ትርንጎ ዝም አለች። ልመንህ አክስቱ ዝም ስትል ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ሆዱ መፍጨት ጀመረ እንዴ ብሎ ክው አለ።

«አልጋ ላይ?» አለች በመጨረሻ።

«አልጋ ላይ።»

«ከነትራሱ?»

«ትራሱ ላይ እንቁላል አይቻለሁ።»

«አየህ! እኔ እዚህ የሸማኔ ክርን ተንተርሼ!»

«ምን ያደርግልሻል» አለ ከውስጥ ሌላ ድምጽ፣ «ትራስ እንጂ ክርን አይመቸኝም ብለሽ እኮ ስታማርሪኝ ነው የምታድሪ።» ይሄ ሸማኔው ጥላዬ ነው። ቀደም ብሎ የተዋጠ ነው።

«ልመንህ፣ ለሷ አትዘን» አለ ሶስተኛው። «በልብ በኩል ያለውን ሞቃቱን ቦታ እሷ ነች የያዘችው። በደህና ቀን ላስለቅቃት ብዬ ነበር።» እሱ ደግሞ ባዩ ደላላው ነው። እዚያ ገብቶም ስራውን አልተወም፤ ጉበት ስር ያለችውን ጥግ ለመጪው ሰው ይዞ ነበር አሉ።

ልመንህ ቀና ብሎ ደመናውን አየ። ወደ ሰንሰል አምባ የሚወስደውን መንገድ አየ። የዱልዱምን እግር ርዝመትም አየ።

«ሶስታችሁም፣ ያን ቀን ጭራቁ ፊት ስቆም አይታችኋል አይደል?»

«አፉን ከፍቶ እሷን ሲውጥ እንደ መስኮት ነበር፤ እስከ ወንዙ ማዶ ታየን» አለ ባዩ።

«እንግዲያው ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።»

«ምኑን?» አለች ትርንጎ።

«ያገኛችሁትን።»

ብሎ የዱልዱምን ጆሮ ጎተተና ሮጠ።

አሯሯጡን ያዩ ሰዎች ዛሬም ያወሩታል። ልመንህ ከፊት፣ ዱልዱም ከኋላ፣ ከዱልዱም ሆድ ውስጥ ደግሞ ትርንጎ ስትሳደብ። ማንን እንደምትሳደብ እንኳ አይታወቅም፤ አንዴ ልመንህን፣ አንዴ ዱልዱምን፣ አንዴ የጥላዬን ጉልበት። ዱልዱም ሶስት ሰው ተሸክሞ እንደልቡ መሮጥ አቃተው እንጂ፣ ባዶ ሆድ ቢሆን ወጉ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

ልመንህ ግንቡ ስር ሲደርስ ጭራቁ እጁን ዘረጋ። ጣቱ አንገቱን ሊነካው ሲል ልመንህ ዘወር ብሎ ባለ በሌለ ድምጹ፣

«ምስክር አምጥቻለሁ! ቃላቸው ይሰማልኝ!» ብሎ ጮኸና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ዱልዱም እጁ አየር ላይ ቀረ። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ለምዱን ሰብስቦ፣ እግሩን አጣጥፎ ቁጭ አለ። ምን ያድርግ፣ ጭራቅም ቢሆን የአገሩ ልጅ ነው።

ግንቡ ላይ ያሉት ዘበኞች ተቀመጡ። ሰልጣኞቹም ተቀመጡ። አጋፋሪ ጓንጉል ዶሮ ሲያበሉ ነበር፣ ጫጫታውን ሰምተው ግንቡ ላይ ወጥተው ጭራቁን ሲያዩ ሊሸሹ ዞሩ። ሊሸሹ ነው! ግን በሩ ላይ ዳኛው እሳቸው ናቸው፣ ምስክር ይሰማ ተብሏል፣ የሚያዩአቸውም ሰልጣኞች ናቸው። ገብሱን እንደያዙ ቁጭ አሉ።

«አንተ ሰውዬ» አሉት፣ ድምጻቸው ቀጥኖ፣ «ምንድነው ያመጣህብኝ?»

«ምስክሮቼን ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔ ሶስት ምስክር ነው ያልኩህ! አንድ ጭራቅ አላልኩም!»

«ሶስቱም ሆዱ ውስጥ ናቸው፣ ጌታዬ። መንገድ ላይ እንዳይበታተኑብኝ በአንድ ላይ አመጣኋቸው።»

ሰልጣኞቹ ሳቃቸውን አፍነው ያዙ፤ ችሎት ላይ አይሳቅማ። አጋፋሪ ጥያቄውን ጀመሩ።

«የመጀመሪያው ምስክር። ስም?»

«ባዩ።»

«ስራ?»

«ደላላ።»

«መኖሪያ?»

«ለጊዜው እዚህ ነኝ።»

«ምን አየህ?»

«ጭራቁ አፉን ሲከፍት ልመንህ ፊት ለፊት ቆሟል። ደህና ሰው ነው፣ ጌታዬ፣ እኔ በሱ በኩል ጣጣ የለብኝም።»

«ሁለተኛ ምስክር!»

«ጥላዬ እባላለሁ፣ ሸማኔ ነኝ።»

«ሸሽቷል ወይስ አልሸሸም?»

«አልሸሸም። መሸሽ ነበረበት፤ ግን አልሸሸም።»

«ሶስተኛ!»

«ትርንጎ ነኝ፣ አክስቱ። የሸሸ ሰው ጫማ አያወልቅም! ይኸው አንድ እግሬ ባዶውን ነው። መጥተው ይዩ ካላመኑ።»

አጋፋሪ ቶሎ ሊገላገሉ ፈለጉ። አፋቸውን ከፈቱ፤ «ይብ…» ሲሉ ልመንህ ቀስ ብሎ፣

«ጌታዬ፣ ይብቃ ካሉ እኮ ይነሳል» አላቸው።

አጋፋሪ አፋቸውን ዘጉ። ቁልቁል ዱልዱምን አዩት። ተቀምጦ ራሱ ከግንቡ እኩል ነው፤ ቢነሳ ግንቡ ወገቡ ጋ ነው የሚደርስ። «ይብቃ» ካሉ ጭራቁ ይነሳል፤ «ይብቃ» ካላሉ ራሳቸውም አይነሱም፣ ምሳ የለ፣ መግባት የለ፣ ዝናቡም እየመጣ ነው። ልመንህ መሬቱ ላይ ተመቻችቶ ጫማዋን ከአቧራ ይጠርጋል።

«ምስክሮችህ ተሰምተዋል» አሉ አጋፋሪ፣ በጣም ቆይተው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይረታ ነበር። ንፉግ ግን ጭራቅ አፍንጫው ስር ተቀምጦም ንፉግ ነው። «ፈሪ አይደለህም፣ እሺ። ነገር ግን ማደሪያ የለም። አዳራሹ ሞልቷል፣ ጠቧል፣ አንዲት ነፍስ የሚጨመርበት ቦታ የለም። አልጋ ከሌለህ ኩላብ የለህም፤ ኩላብ ከሌለህ…»

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ትርንጎ ከውስጥ ተናገረች።

አሁን ያለችውን አልነግራችሁም፤ ቆይታችሁ የለ፣ ትንሽ ቆዩ። ብቻ ስትናገር ሰልጣኞቹ ችሎቱን ረስተው በሳቅ ፈነዱ። ዱልዱም ራሱ ከተቀመጠ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ቀና አድርጎ በግንቡ ላይ አሻግሮ ወደ አዳራሹ አየ፣ ከንፈሩንም ላሰ። አጋፋሪ ጓንጉልም አመድ መሰሉ።

«አንድ አልጋ ይለቀቅ!» አሉ። ከዚያ ዱልዱምን አየት አደረጉና፣ «ሁሉም ይለቀቅ! ዶሮዎቹ ጓዳ ይግቡ፣ በሩም ይዘጋ!»

በዚያ አገር ዳኛ ያዘዘው ሰው እስኪፈጽም መነሳት ይፈቀድለታል። ሰልጣኞቹ እየተሻሙ ተነሱ። የዶሮው ጩኸት፣ የላባው ብዛት! ስንት ጊዜ መሬት የተኙ ልጆች፣ አልጋቸውን ሲያስለቅቁ ደስታቸው ልክ አልነበረው። ልመንህ ተመዘገበ፣ አልጋ ተሰጠው፣ ኩላብ ተሰጠው፣ ኩላቡ ላይ ያለው አውራ ዶሮ ወረደና ጎራዴው ተሰቀለበት። እንደተሰቀለም ወረደ፣ በግንቡ ላይ በገመድ ተለቀቀለት።

«ጌታዬ» አለ ልመንህ ጎራዴውን ተቀብሎ፣ «አንድ ነገር ይዘዙልኝ። ምስክሮቹ በአካል ይቅረቡ።»

አጋፋሪ፣ «ይቅረቡ!» አሉ በአንድ ትንፋሽ።

ትዕዛዝ ነውና ዱልዱም ቅር እያለው ለምዱን ገለጠ። ልመንህ ልብስ በስፌቱ በኩል እንደሚፈታ ሆዱን በጥንቃቄ ቀደደው። ባዩ ወጣ፤ እንደወጣ አዳራሹን አሻግሮ አየና «ይሄ ቤት ስንት ሰው ይይዛል?» አለ። ትርንጎ ወጣች፤ እንደወጣች ጫማዋን ተቀብላ አደረገች። ጥላዬ መጨረሻ ወጣ፤ የሸማኔ እጅ ነውና የዱልዱምን ሆድ እሱ ራሱ መልሶ ሰፋው፣ እንዲህ ያለ ስፌት አይታይም ነበር አሉ። ከዚያ አጋፋሪ «ይብቃ» አሉ። ዱልዱም ተነሳ፣ ጎራዴውን አየ፣ ሆዱን በእጁ ደግፎ እያጉረመረመ መንገዱን ይዞ ሄደ። ዝናቡም መንገድ ላይ ያዘው።

አጋፋሪ ጓንጉል አሁንም አሉ፣ ዶሮዎቹም አሉ፤ ዶሮዎቹ ግን ቆጥ ላይ ናቸው። አዲስ ሰው በሩን መትቶ አጋፋሪ «ሞል…» ሊሉ ሲጀምሩ፣ ሰልጣኞቹ ከአልጋቸው ላይ ሆነው የትርንጎን ቃል በአንድ ድምጽ ይሉታል። ያኔ በሩ ይከፈታል።

እንግዲህ የቆያችሁላት ይቺ ነች። አጋፋሪ «አንዲት ነፍስ የሚጨመርበት ቦታ የለም» ሲሉ፣ ትርንጎ ከጭራቅ ሆድ ውስጥ ሆና እንዲህ አለቻቸው፦

«አጋፋሪ፣ እንዲህ ከጠበበዎት ምን ቸገረዎት፣ እኛ ዘንድ ይግቡ! ሶስት ሆነን ተቀምጠናል፣ ጠጋ ጠጋ እንልልዎታለን። ብቻ ዶሮዎቹን ይዘው ይምጡ፤ አከራያችን ዶሮ ሲወድ ለጉድ ነው!»